ስለ ምርኮ አከፋፈል

ሰዎች ለሥራ ሲጠራሩ ብዙውን ጊዜ ይስማማሉ፤ የሚጣሉት ሲካፈሉ ነው። ይህ በእርሻም፣ በንግድም፣ በጦርነትም ላይ የታየ ነገር ነው፤ ዛሬ ደግሞ ልጆቻችን በስልክና በኮምፒዩተር በሚጫወቱት ጨዋታ ላይ ሳይቀር ይታያል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ነገር ግን ተረቱን የፈጠረው ሰው ከሃምሳው ሎሚ ውስጥ የበሰለው ለማን፣ ጥሬው ለማን እንደሚደርስ ሳይነግረን አልፏል። እኔ ልመረምረው የምፈልገው ያንን እርሱ የተወውን ነገር ነው፤ ይኸውም ልዩ ልዩ ጠባይና ልዩ ልዩ ችሎታ ያላቸው ሰዎች ባንድነት ደክመው አንድ ነገር ቢያገኙ፣ ለእያንዳንዱ ምን ያህል ቢሰጠው ትክክል ይሆናል? የሚለውን ነው።

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት በቦረና፣ በሳይንትና በለጋምቦ ደጋዎች ያደገ ሰው ከዚህ ጥያቄ ጋር የሚተዋወቀው በመጽሐፍ ሳይሆን በቅርጫ ነው። ለበዓል በሬ የሚገዙ ጎረቤቶች፣ ክርስቲያኑ ከክርስቲያን፣ ሙስሊሙም ከሙስሊም ጋር ሆኖ፣ ገንዘብ እኩል ያዋጣሉ። በሬው ከታረደ በኋላ ሥጋው በመደብ በመደብ ይዘረጋል፤ ከጉበቱም፣ ከሻኛውም፣ ከጎድኑም፣ ከአጥንቱም ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሰዋል። ከዚያ በኋላ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ ስንጥር ለዕጣ ይሰጣል፤ የማን ምልክት የትኛው እንደ ሆነ ያላየ ሰውም ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ያኖራል። የዚህ ሥርዓት ብልሃት በዕጣው ብቻ አይመስለኝም። ሥጋውን የሚመድበው ሰው የትኛው መደብ ለራሱ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ፣ ቢወድም ባይወድም እጁ ትክክለኛ ይሆናል። ጆን ሮልስ የተባለው አሜሪካዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ፣ ሰዎች ወደፊት ሀብታም ይሁኑ ድኻ፣ ብርቱ ይሁኑ ደካማ ሳያውቁ ቢሆን ኖሮ ለማኅበራቸው የሚያወጡት ሕግ ትክክለኛ በሆነ ነበር ብሎ አስተምሯል። አሳቡ ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን ቢላዋውን ይዞ በቅርጫ ላይ የቆመ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ ቅርጫ ቀላሉ ጉዳይ ነው። ሁሉም እኩል ከፍሏልና ሁሉም እኩል ይወስዳል። ጭንቁ የሚመጣው አንዱ ጉልበቱን፣ አንዱ ዕውቀቱን፣ አንዱ እንቅልፉን፣ አንዱ ንብረቱን ባመጣ ጊዜ ነው። እነዚህ በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ ነገሮች አይደሉም።

በኢንተርኔት አማካይነት ብዙ ሰዎች ባንድነት ገብተው የሚጫወቱትን የተረት ዓለም ጨዋታ የማታውቁ አንባቢዎች ካላችሁ በአጭሩ ልግለጽላችሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጀግና ሆኖ ይገባል። አውሬውን ወይም ዘንዶውን ለመጣል አንድ ሰው አይበቃም። ስለዚህ አንዱ ጋሻ ይዞ ከፊት ቆሞ ምቱን ይቀበላል፤ አንዱ ከኋላ ሆኖ የቆሰሉትን ይፈውሳል፤ የቀሩት ይመታሉ። አውሬው ሲወድቅ ሰይፍ፣ ጋሻ፣ ጥሩር ይገኛል፤ ዕቃው ግን ሁልጊዜ ከሰዎቹ ቁጥር ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለው ዝነኛ ጨዋታ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 40 ሰዎችን በአንድ አውሬ ላይ ያሰልፍ ነበር፤ አውሬው ሲሞት የሚጥለው ግን ጥቂት ዕቃ ብቻ ነበር። እንግዲህ 40 ሰው ለሰዓታት ደክሞ ሰይፉ አንድ ቢሆን ማን ይውሰደው?

ተጫዋቾቹ ይህን ለመፍታት ያልሞከሩት ዘዴ የለም። አንዳንዶቹ እንደኛ ዕጣ ጣሉ። አንዳንዶቹ ዕቃው ለሚጠቅመው ሰው ቅድሚያ ይሰጥ፣ የማይጠቅመው ግን ሊሸጠው ብቻ ከፈለገ ይቆይ ብለው ሕግ አወጡ። ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ኤቨርኩዌስት የተባለው ጨዋታ ተጫዋቾች ዘንዶ የመግደያ ነጥብ የሚሉት የሒሳብ መዝገብ ፈጥረው ነበር፤ በየዘመቻው የተገኘ ሰው ነጥብ ይጻፍለታል፤ ዕቃ ሲወስድም ከነጥቡ ይቀነስበታል። ሌሎች ደግሞ ዕቃውን በመካከላቸው በጨረታ ሸጠው የጨዋታውን ወርቅ እኩል ተካፈሉ። የወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ባለቤቶችም ጠቡ ሰለቻቸው መሰለኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ለእያንዳንዱ ሰው ድርሻው በየራሱ እንዲወድቅለትና ማንም በማንም ዕቃ ላይ እንዳያዝ አደረጉ፤ ነገር ግን ሰዎቹ እርስ በርሳቸው መነጋገርና መተሳሰብ ቀረብን ብለው ስላጉረመረሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የጋራው አከፋፈል ተመለሰ። ይህ ነገር እኔን እጅግ ያስደንቀኛል። ሰው የሚያጣላውን ነገር ሲወስዱበት፣ አብሮ የሚያስተሳስረውም እንደ ተወሰደበት ተሰማው።

ስለ እነዚህ ጨዋታዎች አስቀድሞ ካሰቡት ሰዎች አንዱ ሪቻርድ ባርትል የተባለው እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ከጓደኛው ጋር የዚህ ዓይነቱን ጨዋታ መጀመሪያ የሠራው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በጻፈው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት ወገን ከፍሏቸዋል፤ አንዱ ሀብትና ማዕረግ ለመሰብሰብ፣ አንዱ ያልታወቀውን አገር ለመመርመር፣ አንዱ ከሰው ጋር ለመጫወትና ለማውጋት፣ አንዱ ደግሞ ሌላውን ለማሸነፍ ይመጣል ይላል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ወዲያው ትዝ ያለኝ ደቦ ነው። ባለ እርሻው ጎረቤቶቹን ለአጨዳ ሲጠራ፣ አንዱ የሚመጣው ነገ ለእርሱም እንዲመጡለት ነው፤ አንዱ የሰውየው ገብስ ዘንድሮ እንዴት እንደ ያዘ ለማየት ነው፤ አንዱ ለጠላውና ለጨዋታው ነው፤ አንዱ ደግሞ ባለፈው ዓመት የቀደመውን ሰው በማጭድ ለመቅደም ነው። ሁሉም ያጭዳሉ፤ ሁሉም ግን አንድ ዓይነት ዋጋ አይፈልጉም። ለጨዋታ የመጣው ሰው እህል ቢሰፈርለት ምናልባት ይቀየማል።

ከዚህ የምረዳው ዋጋ ሦስት ዓይነት መሆኑን ነው። አንዱ ሲካፈሉት የሚያንስ ነው፤ ሥጋና ገንዘብ እንደዚህ ናቸው። ሁለተኛው ሲካፈሉት የማያንስ ነው፤ ዘፈን፣ ምስጋና፣ ወዳጅነት፣ አዲስ አገር ማየት እንደዚህ ናቸው። ሦስተኛው ሌላው ሰው ካላጣው በቀር የማይገኝ ነው፤ የበላይነት እንደዚህ ነው። ስለ መጀመሪያው በመዝገብና በሚዛን መነጋገር ይቻላል። ስለ ሁለተኛው መነጋገር እንኳ አያስፈልግም፤ በልግስና መስጠት ብቻ ነው፤ እኛ ግን ምንም የማያስከፍለንን ምስጋና በጣም እንሰስታለን። ሦስተኛውን የሚፈልግ ሰው ግን ምንም ያህል ቢሰጡት አይጠግብም፤ የእርሱ ድርሻ የሚለካው በእጁ ባለው ሳይሆን በጎረቤቱ እጅ በሌለው ነውና። ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎችም ሆኑ ማኅበር የሚመሩ ሰዎች ለዚህ ዓይነቱ ሰው ብለው የሌላውን ድርሻ ሊያጎድሉ አይገባም እላለሁ። ይወዳደር፤ ያሸንፍም፤ ሲያሸንፍ እናጨብጭብለት፤ የተሸናፊውን እንጀራ ግን አይውሰድ።

አሁን ከጨዋታው ወጥተን እንጀራ ወደ አለበት ጉዳይ እንምጣ። ከመካነ ሰላም ብዙ በማይርቅ አንድ ቀበሌ አምስት ወጣቶች ተበድረው 20 በጎች ገዙ፤ አደልበው ለበዓል ሊሸጡ ነው። አንደኛው የአባቱን ግቢና በረት ሰጠ። ሁለተኛዋ በየቀኑ ድርቆሽና ውኃ አቀረበች። ሦስተኛው ከጅብ ለመጠበቅ ሌሊት ሌሊት ከበረቱ አጠገብ አደረ። አራተኛው ሒሳብ ያዘ፣ ገበያም አጠና። አምስተኛው ከተማ ሥራ ስለ ነበረው ከወር ደመወዙ ለመኖ መግዣ ገንዘብ ሰጠ። በሦስት ወር ውስጥ አንድ በግ ብቻ ጠፋ፤ እርሱም ጠባቂው ለቅሶ በሄደበት ሌሊት ጅብ የበላው ነው። 19ኙን ሒሳብ ያዡ እስከ ደሴ ወስዶ በጥሩ ዋጋ ሸጣቸው። ብድሩ ተከፈለ፤ ትርፍም ቀረ፤ ጠቡም ያን ጊዜ ጀመረ። ሻጩ «ትርፉን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እዚሁ ቢሸጥ ኖሮ ይህን ያህል አይወጣም ነበር» አለ። ባለ በረቱ «ያለ እኔ ግቢ በጎቹ የት ያድሩ ነበር?» አለ። ጠባቂው ምንም አላለም፤ አኩርፎ ቀረ።

ነገሩ ወደ አንድ የዕድር ዳኛ ሽማግሌ ደረሰ። ሽማግሌው «ልጆቼ፣ በጎቹን ስትገዙ ምን ተባብላችሁ ነበር?» ብለው ጠየቁ። «አባባ፣ ምንም አልተባባልንም» አሉ። «እንግዲያውስ ዛሬ አንዳችሁም ስለ ራሳችሁ አትናገሩ፤ እያንዳንዳችሁ የሌላው ሥራ ባይኖር ምን ይጎድል እንደ ነበር ንገሩኝ» አሏቸው። ይህ ጥያቄ ብዙ ነገር ገለጠ። ስለ ጠባቂው በተጠየቁ ጊዜ ሁሉም ያነሡት ያንኑ አንድ የተበላውን በግ ነበር። የጠባቂ ሥራ እንዲህ ነው፤ ሲኖር አይታይም፣ ሲጎድል ነው የሚታየው። በጨዋታውም ከኋላ ቆሞ የሚፈውሰው ሰው ዕጣው ይኸው ነው፤ የመቺዎቹ ምት በቁጥር ተቆጥሮ በሰሌዳ ላይ ይወጣል፣ እርሱ በሕይወት ያቆያቸው ሰዎች ግን ያለመሞታቸው በየትም አይጻፍም።

ሽማግሌው ትርፉ በአምስት እኩል ይከፈል ብለው ፈረዱ፤ ልጆቹም ታረቁ። እኔ ሽማግሌውን አከብራቸዋለሁ፤ ለዕርቅ ይህ ፍርድ መልካም ነበር። ለትክክለኛነት ግን የበቃ አይመስለኝም። በእኔ አሳብ አስቀድሞ ወጪ ይነሣ፤ የበረቱ ኪራይ፣ የሻጩ የመኪናና የስንቅ ገንዘብ፣ ባለ ደመወዙ ለመኖ የሰጠው ብር ሁሉ ለየባለቤቱ ይመለስ፤ ይህ ስጦታ ሳይሆን ዕዳ ነውና። ቀጥሎ በደጋ ብርድ ሜዳ ላይ ላደረውና ከጅብ ጋር ለተፋጠጠው ልጅ ስለ አደጋው ተጨማሪ ይሰጠው። የቀረው በእኩል ይከፈል። ሻጩ በደሴ ያገኘው የዋጋ ብልጫስ? ብልህነቱ ይመስገን፤ ነገር ግን ደሴ የወሰደው በግ ልጅቱ ያበላችውና ጠባቂው ያተረፈው በግ ነው። ባዶ ገመድ ይዞ ቢሄድ ብልህነቱ ስንት ያወጣ ነበር?

ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። በመጽሐፈ ሳሙኤል እንደ ተጻፈው፣ አማሌቃውያን ጺቅላግን አቃጥለው ሰዉንና ከብቱን በማረኩ ጊዜ ዳዊት 600 ሰዎች ይዞ ተከተላቸው። ከቦሦር ወንዝ ሲደርሱ 200ዎቹ ደክመው መሻገር ስላቃታቸው ከጓዙ ዘንድ ቀሩ፤ 400ዎቹ ሄደው ድል አደረጉ። ሲመለሱ ከተዋጉት ውስጥ ክፉዎቹ፣ የቀሩት ሚስትና ልጆቻቸውን ብቻ ይዘው ይሂዱ እንጂ ከምርኮው አንሰጣቸውም አሉ። ዳዊት ግን የተዋጋውና ጓዝ የጠበቀው እኩል እንዲካፈሉ ፈረደ፤ ይህም በእስራኤል ሥርዓት ሆኖ ቀረ። በእስልምና ሕግ ደግሞ ከምርኮው አምስተኛው እጅ ተለይቶ ከሚሰጣቸው ውስጥ የቲሞች፣ ድሆችና መንገደኞች ይገኛሉ፤ ከቀረውም ለፈረሰኛ ከእግረኛ የበለጠ ይሰጠዋል። ሁለቱ ሕጎች የሚቃረኑ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን አይመስለኝም። ፈረስ ይገዛል፣ ይቀለባል፣ በጦር ሜዳም ይሞታል። ስለዚህ የፈረሰኛው ብልጫ እንደ በረቱ ኪራይ ያለ የወጪ ጉዳይ ነው፤ ጓዝ ጠባቂውም በዳዊት ፍርድ ያገኘው እኩልነት ምጽዋት አይደለም፤ ጓዙን የሚጠብቅ ባይኖር 400ዎቹ ሁለት ፊት በተዋጉ ነበርና። የየቲሞቹ ድርሻ ግን ከሁለቱም የተለየ ነገር ያስተምራል፤ በጦርነቱ ውስጥ ፈጽሞ ያልነበረ ሰው ደግሞ ከሚከፈለው ነገር ላይ መብት ሊኖረው ይችላል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ሁሉ የተገኘው ነገር በትክክል የተገኘ ነው ብለን ስንነሣ ነው። ይህን ግን ማን አረጋገጠልን?

ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ለጋምቦን አልፎ የመቅደላ አምባ አለ። በ1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ተደረገ፤ በትንሣኤው ማግስት ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች አምባውን ያዙ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት 13,000 ያህል እንግሊዛውያንና ሕንዳውያን ወታደሮች ነበሩት፤ ጓዝ ተሸካሚውና አሽከሩ ደግሞ የዚያ እጥፍ ይሆን ነበር፤ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖችም ነበሩት። እንግዲህ እዚህም ላይ የሚዋጋ፣ መንገድ የሚጠርግ፣ በቅሎ የሚነዳ፣ ስንቅ የሚጠብቅ ልዩ ልዩ ሰው ነበር። ከአምባው የተወሰደው ዕቃ በ15 ዝሆኖችና 200 በሚሆኑ በቅሎዎች ተጭኖ፣ በሽሎን ተሻግሮ፣ ደላንታ ሜዳ ላይ ተዘረጋ፤ ሚያዝያ 13ና 14 ቀንም በጨረታ ተሸጠ። 5,000 ፓውንድ ያህል ተገኘ፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። በስፍራው የነበረው ጋዜጠኛ ሄንሪ ስታንሊ እንደ ጻፈው ለአንዱ ወታደር የደረሰው ከአራት ዶላር ጥቂት የሚበልጥ ነው።

ጨረታ ሠርቶ ገንዘቡን መካፈል ከላይ ስለ ጨዋታው ያነሣሁት ዘዴ መሆኑን አስተውሉ። በአካፋዮቹ መካከል ሥርዓት ያለው ነገር ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ በጨረታው ብዙውን ዕቃ ያሸነፉት ምቱን የተቀበሉት አይደሉም። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምስ 1,000 ፓውንድ ይዞ ነበርና 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ገዛ፤ ሌላው ተወዳዳሪም ለአንድ ሀብታም ክፍለ ጦር የሚገዛ መኮንን ነበር። ተራው ወታደር አራት ዶላሩን፣ ባለ ገንዘቡ ብራናውን ይዞ ሄደ። ሁለተኛውና ዋናው፣ ከጨረታው በፊት ሆምስ ከአንድ ወታደር ላይ የጳጳሱን ዘውድና የወርቅ ጽዋ በ4 ፓውንድ ገዝቷል። ሁለቱም ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ። ወታደሩ 4 ፓውንድ አነሰኝ ቢል ወይስ በዛልኝ ቢል፣ ስለ ትክክለኛ ዋጋ እየተናገረ ነው ልንል እንችላለን? የጽዋው ባለቤት በገበያው ውስጥ የለም።

በጨዋታው ዓለም ዘንዶው ነገ ተመልሶ ይነሣል፤ ሀብቱም ከምንም ይፈጠራል፤ ተዘረፍሁ ብሎ የሚያለቅስ የለም። ስለዚህ ጨዋታው እንዴት እንካፈል? የሚለውን ጥያቄ ለወጣት ለማስተማር እጅግ መልካም ነው፤ ይህ የማን ነው? የሚለውን ግን ሊያስተምር አይችልም። በመቅደላ ያደረው ግን የሚያለቅስለት ባለቤት ያለው ሀብት ነበር። እኛም ብንሆን ይህን ስንናገር እውነቱን ግማሹን ብቻ መናገር አይገባንም። በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከተሰበሰቡት መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ብዙዎቹ ንጉሠ ነገሥቱ ከጐንደር አድባራት ያስመጧቸው ነበሩ፤ በ1859 ዓ.ም. ጐንደር ተዘርፋ ስትቃጠል የጐንደር ካህናትም አልቅሰዋል። ቴዎድሮስ ወታደሩን በደመወዝ አሳድረው ገበሬውን ከዝርፊያ ለማዳን የሞከሩ ንጉሥ መሆናቸው ነገሩን የበለጠ ያሳዝናል።

ከዚያ ወዲህ ጥቂት ነገር ተመልሷል። ዐፄ ዮሐንስ በጠየቁት መሠረት አንድ የክብረ ነገሥት ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1872 ተመለሰ፤ ኤድንብራ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተገኘ ታቦት እ.ኤ.አ. በ2002፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ጠጉርም እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ አገራቸው ገቡ። ጽዋውም አንድ ቀን ቢመለስ ጠቡ እንደ ገና መጀመሩ አይቀርም፤ የጐንደር ሰው የኛ ነው ይላል፣ የመቅደላ ሰው ከኛ ደጅ ነው የተወሰደው ይላል፣ አዲስ አበባም ሙዚየም አለኝ ትላለች። ያን ጊዜ ያን ሽማግሌ አስመጥቶ፣ ማንም ስለ ራሱ እንዳይናገር፣ እያንዳንዱም ስለ ሌላው ብቻ እንዲመሰክር ማድረግ ነው።